ሥሩን ፍለጋ ወደ ሜክሲኮ የሚጓዝ ሰው በመዝገብ ፊት
(ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የተደረገ ንግግር)



መዝገብ ጠባቂ ከሚገጥመው ጥያቄ ሁሉ «አያቴ ማን ነበረ?» የሚለውን ያህል ልብ የሚነካ የለም። ዛሬ ይህን ጥያቄ ይዘው ረጅም መንገድ ከሚሄዱት መካከል በአሜሪካ የሚኖሩ የሜክሲኮ ተወላጆች ይገኙበታል፤ በ2020 በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ ቍጥራቸው 36 ሚሊዮን ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላስታውቅ።) አንዳንዶቹ ቤተ ሰቦች ከቶ አልተሰደዱም፤ በ1848 በጓዳሉፔ ኢዳልጎ ውል ሜክሲኮ ሰሜናዊ ግዛቷን ስትለቅ፣ በተቀመጡበት ሳሉ መንግሥት ተለወጠባቸው። የሚበዙት ግን በ1910 በፈነዳው አብዮት ዘመንና ከዚያ ወዲህ የተሻገሩ ናቸው።

እንግዲህ ሦስተኛው ወይም አራተኛው ትውልድ፣ ብዙ ጊዜም የአያቱን ቋንቋ አጥቶ፣ መንደሩን ለማየት ይነሣል። ችግሩ የሚጀምረው ከስሙ ነው። በሜክሲኮ ሰው ከራሱ ስም ቀጥሎ ሁለት የቤተ ሰብ ስም ይይዛል፤ በልማዱ መጀመሪያ የአባቱን፣ ቀጥሎም የእናቱን። ሴትም ብታገባ የልደት ስሟን አትለቅም። ስለዚህ መዝገቡ በደንብ የተጻፈ ከሆነ የእናት ወገን እንደ አባት ወገን ወደ ኋላ ይቈጠራል። በአሜሪካ ግን የእናት ስም ብዙውን ጊዜ ይወድቃል፤ የልጅ ልጁም «ሆሴ ጋርሲያ» የሚል ግማሽ ስም ይዞ ይመጣል። በአንድ አውራጃ ስንት ሆሴ ጋርሲያ እንዳለ ለእናንተ መንገር አያሻም፤ የእኛ አበበ ከበደም ከዚያ አያንስ።

ቦታውም ያሳስታል። «ከጓዳላሃራ ነን» ሲባል ያደገ ሰው ጓዳላሃራ ደርሶ ምንም ላያገኝ ይችላል። ትልቁ ከተማ የተጠራው ባዕድ እንዲገባው ብቻ ሆኖ፣ ቤተ ሰቡ የተነሣው ከሩቅ የገጠር መንደር ሊሆን ይችላልና። የመንግሥት የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ የተደነገገው በ1859 በቤኒቶ ሁዋሬስ መንግሥት ነው፤ ከዚያ በፊት ያለውን በቤተ ክርስቲያን የጥምቀትና የጋብቻ መዝገብ መፈለግ ግድ ይሆናል።

የጉዳዩ ፍሬ ግን፣ በእኔ አስተያየት፣ መዝገቡ ከተገኘ በኋላ የሚመጣው ነው። በእስፓኝ አገዛዝ ዘመን ብዙ ቁምስናዎች ሕዝቡን ለይተው ይጽፉ ነበር፤ ለእስፓኞሎች አንድ መዝገብ፣ ለነባሩ ሕዝብ አንድ፣ ለቅይጦች አንድ። በስሙም አጠገብ «ሜስቲሶ» ወይም «ሙላቶ» ይባላል፤ የመጀመሪያው ከእስፓኝና ከነባሩ ሕዝብ፣ ሁለተኛው ከእስፓኝና ከአፍሪቃ ወገን የተወለደ ማለት ነው። አንዱ ሰው ሲጠመቅ ሙላቶ፣ ሲያገባ ሜስቲሶ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ፤ ኑሮው ሲሻሻል ወይም ጸሐፊው ሲለወጥ ዘሩም አብሮ ይለወጣል! ከነጻነት በኋላ በ1822 ይህ መለያ በመዝገብ እንዳይጻፍ ታዘዘ። የትእዛዙ ሐሳብ ቅን ነበር፤ ለፈላጊው ግን ከዚያ ወዲህ ያለው ገጽ ዝም ይላል። በአገዛዙ ዘመን ወደ ሜክሲኮ የተጋዙት አፍሪቃውያን 200,000 ያህል እንደነበሩ ይገመታል፤ ልጆቻቸው በሕገ መንግሥቱ በስም የታወቁት ግን በ2019 ነው። በ2020 የሜክሲኮ ቈጠራ ከ2.5 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ራሳቸውን ከዚህ ወገን ቈጥረዋል። «እኛ እስፓኞሎች ነን» የሚለውን የቤተ ሰብ ወሬ ሰምቶ ያደገ ሰው ቅድመ አያቱን በቅይጦች መዝገብ ሲያገኛት፣ መዝገቡን አጥፎ ሊሄድ ይችላል፤ ጉዞውን ከዚያ ሊጀምርም ይችላል። ምርጫው የእርሱ ነው። የመዝገብ ጠባቂው ድርሻ ገጹን እንዳለ ማቅረብ ነው፤ ለእንግዳው ደስታ ሲባል አንዲት ቃል መሸፈን አይገባም።

ከ1950ዎቹ ጀምሮ ብዙው የሜክሲኮ ቁምስና መዝገብ በማይክሮፊልም ስለ ተነሣ፣ «ታዲያ መጓዝ ለምን?» የሚል አይጠፋም። ማይክሮፊልሙ የክርስትና አባትንና የምስክሮችን ስም ያሳያል፤ እነርሱ የሟቹ ጎረቤት ይሁኑ ጌታው ግን የመንደር ሽማግሌ ነው የሚነግረው። የቤተ ሰቡ ቅጽል ስምም በአብዛኛው በአፍ እንጂ በጽሑፍ አይኖርም። ወደ ዋና ከተማው የሚዘልቅ ደግሞ ብሔራዊ ቤተ መዛግብቱን በሌኩምቤሪ ያገኘዋል፤ ሕንጻው ከ1900 እስከ 1976 ወኅኒ ቤት ነበር፤ በ1982 መዛግብቱ ገቡበት። እስረኛ በነበረበት ክፍል ሰነድ ተቀመጠ።

ፍለጋው የስሜት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ2021 የሜክሲኮ ሕገ መንግሥት ተሻሽሎ፣ በውጭ አገር ከተወለደ ሜክሲካዊ በውጭ አገር የሚወለድ ልጅም ዜግነት እንዲያገኝ ተፈቅዷል። ስለዚህ ያ አሮጌ የልደት ገጽ የመብት ማስረጃ ሆኗል።

በዋሽንግተንና በስቶክሆልም የተወለዱ የእኛ ልጆችም መምጣታቸው አይቀርም፤ መምጣትም ጀምረዋል። እኛ ሰባት ቤት የምንቈጥር ሕዝብ ነን፤ ነገር ግን ስማችን የአባትን መስመር ብቻ ይዞ ይሄዳል፤ ብዙ ሰውም በዓለም ስሙ አንድ፣ በስመ ክርስትናው ሌላ ነው። በአገር አቀፍ ደረጃ የወሳኝ ኩነት ምዝገባችን የተጀመረው ገና በ2016 ነው። ከዚያ በፊት የተወለደችን አያት የሚፈልግ ወጣት የሚደገፈው በአድባራት ወረቀትና በሽማግሌዎች ቃል ነው። ስለዚህ የማኅበራችን የጥናት ክፍል ከአንድ ደብር ጀምሮ፣ የዓለሙን ስም፣ ስመ ክርስትናውንና የእናትን አባት ስም ባንድ ካርድ ላይ እንዲያሰፍር ለጉባኤው ሐሳብ አቀርባለሁ። የካርዱን ረቂቅ ከጸሐፊው ዘንድ ታገኙታላችሁ።