ከተጣለው ነገር የሚገኝ ጥቅም
ስለ ጎማላካ፥ ስለ ቬርኒሽና ስለ ወረቀት ሙጫ

(በትምህርት ቤታችን የበዓል ቀን በሳይንስ ማኅበር ስም የተደረገ ንግግር)



 የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስለ ሆንን፥ በዚህ አዳራሽ ስንናገር ይህ የመጀመሪያችንም የመጨረሻችንም ነው። ርእሳችን ትልቅ አይደለም። የተቀመጣችሁባቸው ወንበሮች ስለሚያብረቀርቁበት ቅብና፥ በእጃችሁ ያለው ወረቀት ቀለም እንዳይጠጣ ስለሚያደርገው ሙጫ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ጎማላካ እንናገር። አናጢዎቻችን ከጣልያንኛ ወስደው ጎማላካ የሚሉትን፥ ሌላው ዓለም ሼላክ ይለዋል። ብዙ ሰው የዛፍ ሙጫ ይመስለዋል፤ ነገር ግን አይደለም። በሕንድና በታይላንድ አገር በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ተጣብቃ የዛፉን ፈሳሽ የምትመጥ እጅግ ትንሽ ነፍሳት አለች። ይህች ነፍሳት ራሷን ለመሸፈን ከሰውነቷ ሙጫ ታወጣለች። በሕንድ ቋንቋ ላክ ማለት መቶ ሺህ ነው፤ የሙጫውም ስም ከነፍሳቱ ብዛት የመጣ ነው ይባላል። ገበሬዎቹ ቅርንጫፉን ቈርጠው ሙጫውን ይፍቃሉ፤ ሰባብረው ያጥቡታል፤ ከዚያም በእሳት አቅልጠውና አጣርተው በስሱ ይዘረጉታል። ሲደርቅ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይሰባበራል። እኛ ከገበያ የምንገዛው ይኸንኑ ነው።

በአገራችን የዘፈን ሸክላ እንላለን፤ ሸክላው ግን ከጭቃ አልነበረም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ተሰማ እሸቴ በጀርመን አገር ድምፃቸውን ባስቀረጹበት ዘመን፥ ሸክላ የሚሠራው ከድንጋይ ዱቄትና ዱቄቱን አንድ አድርጎ ከሚይዘው ከዚሁ ከጎማላካ ነበር። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ፕላስቲክ ቦታውን ወሰደበት። ዛሬም በፋብሪካ የሚሠሩ ጠንካራ ቬርኒሾች በብዙ ሥራ ተክተውታል፤ ይሁን እንጂ ለጥሩ የቤት ዕቃ፥ ለሙዚቃ መሣሪያ፥ እንዲሁም ለከረሜላና ለመድኀኒት ክኒን መሸፈኛ አሁንም ይሠራበታል።

አሠራሩ ቀላል ይመስላል። 200 ግራም ጎማላካ በ1 ሊትር ንጹሕ አልኮል ውስጥ ጨምሮ፥ ክዳኑን ገጥሞ፥ አልፎ አልፎ እየወዘወዙ እስኪሟሟ ማሳደር ነው። ዕቃው ጠርሙስ ይሁን፤ ብረት ጎማላካውን ያጠቁረዋልና። አልኮል በቶሎ ስለሚቀጣጠል ወደ እሳት ማቅረብ ፈጽሞ አይገባም። የተበጠበጠው ለብዙ ወራት ከተቀመጠ በደንብ ስለማይደርቅ፥ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ማዘጋጀት ይሻላል።

ቀላል ይመስላል ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከሁለት ወር በፊት ማኅበራችን ለዚህ በዓል 30 የቤተ መጻሕፍት ወንበሮች አድሶ ለማቅረብ ቃል ገባ። የተሰጠን ገንዘብ የተዘጋጀ ቬርኒሽ ለመግዛት አልበቃምና ጎማላካውን ራሳችን ለመበጥበጥ ቈረጥን። ከመጽሐፍ አንብበናል፤ ከእንግዲህ ምን ይቀረናል ብለን፥ ዝናብ ባባራ ማታ፥ በርካሽ በገዛነው እስፒሪቶ 12 ወንበሮች ቀባን። በማግሥቱ ስናያቸው ዱቄት የተነሰነሰባቸው መስለው ነጥተዋል። ገንዘቡ ከግማሽ በላይ አልቋል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ቃላችን ነበር።

በዚያን ቀን ከመካከላችን አንዱ ከሁላችን ኋላ ቀርቶ አንገቱን ደፍቶ ቆመ። ምን ሆንክ ብለን ብንጠይቀው፥ «እንደሚነጣ ዐውቄ ነበር» አለን። ለምን አልነገርከንም ብለን ተቈጣነው። እርሱም «ብነግራችሁ ከየት ዐወቅኸው ትሉኝ ነበር» ሲል መለሰ። አባቱ አናጢ ናቸው። አራት ዓመት አብረነው ስንማር ይህን አናውቅም ነበር። የደበቀውም፥ በአንደኛው ዓመት አንድን ልጅ በአባቱ ሥራ ስንሥቅበት ስላየ ነው። ይህን ዛሬ በአደባባይ የምንናገረው እርሱ ራሱ ፈቅዶልን ነው።

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ በአዋጅ ማስነገራቸውን በታሪክ ክፍል ተምረናል፤ በፈተናም ጽፈነዋል። አዋጁ ግን በደብተራችን ላይ እንጂ በአንደበታችን ላይ አልነበረም።

የጓደኛችን አባት በሚቀጥለው ቅዳሜ ሥራቸውን ትተው መጡልን። ወንበሮቹን በጣታቸው ዳሰስ አድርገው «ልጆቼ፥ ጎማላካና ውሃ አይስማሙም፤ ሰማዩን ሳታዩ ጠርሙስ አትክፈቱ» አሉን። የገዛነው እስፒሪቶ ውሃ የበዛበት ነበር፤ አየሩም እርጥብ ነበር። ውሃው በቅቡ ውስጥ ስለ ታሰረ ነጣ። ንጹሕ አልኮል በጨርቅ ጠቅሰው በላዩ ሲያሳልፉበት ነጩ እንደ ጉም ተነሣ። ኋላ መምህራችን እንዳስረዱን፥ ጎማላካ ከደረቀ በኋላም በአልኮል ተመልሶ ይሟሟል፤ ስለዚህ የተበላሸው ሳይፋቅ ይታረማል። አሁን የተቀመጣችሁባቸው ወንበሮች እነዚያው ናቸው።

ወደ ሁለተኛው ነገር እንለፍ። ወረቀት እጅግ የደቀቀ የዕፅ ጭረት ነው። እንዲያው ከተተወ፥ በጭረቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ቀለምን እንደ ጨርቅ ይስባል። የቀድሞ ወረቀት ሠሪዎች ይህን ለመከልከል ከቆዳ የተቀቀለ ሙጫ ያጠጡት ነበር። በ1807 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው ሞሪትዝ ፍሪድሪክ ኢሊግ የዛፍ ሙጫን ከአሉም ጋር በወረቀቱ ቡኮ ውስጥ መጨመር እንደሚቻል አስታወቀ። ይህ ዘዴ ወረቀትን ርካሽ አደረገ፤ ይሁን እንጂ አሲድ ስላለበት የዚያ ዘመን መጻሕፍት ብጫ ሆነው ይሰባበራሉ። ከ1,300 ዓመት በላይ የሆነው የአባ ገሪማ ወንጌል ብራና ግን እስከ ዛሬ ይገለጣል። አሁን ብዙ ፋብሪካዎች አሲድ የሌለበት ሌላ ሙጫ ይጠቀማሉ።

ይህ የዛፍ ሙጫ የሚገኘው ዛፍ በማድማት ብቻ አይደለም። በ1884 እ.ኤ.አ. ካርል ዳል የፈጠራ መብት ባስመዘገበበት ዘዴ፥ እንጨት በጠንካራ መድኀኒት ሲቀቀል ከክብደቱ ግማሽ የማይሞላው ጭረት ሆኖ ይወጣል፤ የቀረው ጥቁር ፈሳሽ ይሆናል። ቀድሞ ይህ ወደ ወንዝ እየተጣለ ዓሣ ይገድል ነበር። ዛሬ ግን ውሃው እንዲተን ተደርጎ ይነድዳል፤ ለፋብሪካው ኀይል ይሰጣል፤ መድኀኒቱም ይመለሳል። እንጨቱ ፓይን የሚባለው ዛፍ ከሆነ ደግሞ በጥቁሩ ፈሳሽ ላይ ሳሙና ይንሳፈፋል። ያን ገፍፈው ሰልፈሪክ አሲድ ሲጨምሩበት ቶል የሚባለው ዘይት ይገኛል፤ ከ1 ቶን ጭረት 30 ኪሎና ከዚያም በላይ ይወጣል። ዘይቱም በሙቀት ሲለያይ አንዱ ክፍል ወደ ቬርኒሽ ፋብሪካ ይሄዳል፤ ሌላው፥ ማለት የዛፍ ሙጫው፥ ተመልሶ ለወረቀት ይሆናል። እንግዲህ ከአንድ ጥራጊ ቬርኒሽም የወረቀት ሙጫም ወጣ ማለት ነው።

እኛ ይህን ሁሉ ለመሥራት መሣሪያ የለንም። ነገር ግን ከወንበሮቹ የተረፈውን ጎማላካ፥ አንጥረኞች ለብየዳ በሚጠቀሙበት ቦራክስ ሞከርነው። ጎማላካ በተራ ውሃ አይሟሟም፤ 1 እጅ ቦራክስ ለ5 እጅ ጎማላካ በሙቅ ውሃ ሲጨመር ግን ይሟሟል። በዚህ የላቦራቶሪ ማጣሪያ ወረቀት ቀብተን አደረቅነው። ባልተቀባው ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ ቀለም ተስፋፍቶ ሳንቲም አከለ፤ በተቀባው ላይ ግን እንደ ጤዛ ቆመ። ሁለቱንም ወረቀቶች በበሩ አጠገብ ሰቅለናቸዋል፤ ስትወጡ ተመልከቷቸው።

ንግግራችንን ከመፈጸማችን በፊት ለታናናሾቻችን ሁለት ነገር እናስታውሳለን። አንደኛ፥ ጥራጊ ሲጣል ባያችሁ ጊዜ፥ በውስጡ ምን አለበት ብላችሁ ጠይቁ። ሁለተኛ፥ ከአጠገባችሁ ያለው ልጅ ከቤቱ ይዞት የመጣውን ዕውቀት በሣቃችሁ አታስደብቁት። እኛ 12 ወንበር አበላሽተን ተምረነዋል፤ ወንበሮቹ በአንድ ቅዳሜ ታረሙ፤ የጓደኛችን አራት ዓመት ግን አይመለስም።