ስለ በጀት ጥናት ሙያ
(በማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)





ናይሮቢ የምንኖር ወላጆች ልጆቻችንን «ምን ልትማሩ አሰባችሁ?» ስንል ልባችን የሚመኘው ሕክምና ወይም ምህንድስና ነው። ዛሬ ግን ስሙ እምብዛም ስለማይነሳ አንድ ሙያ፣ ማለትም ስለ መንግሥት በጀትና ፋይናንስ ጥናት ጥቂት ልንል ወደድን።

በጀት ደረቅ ቁጥር ይመስላል። ነገር ግን ከማን ምን ያህል ይሰብሰብ፣ ለማንስ ይዋል የሚለው ውሳኔ የሚቋጨው በእርሱ ነው። የበጀት ምሁር የጸደቀውን ገንዘብ ከተለቀቀው፣ የተለቀቀውን ሥራ ላይ ከዋለው፣ የዋለውንም ከኦዲት ሪፖርት ጋር ያስተያያል። አሜሪካዊው ምሁር አሮን ዊልዳቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተሙት መጽሐፍ የዘንድሮን በጀት ከሁሉ ይልቅ የሚወስነው የአምናው መሆኑን አስረድተዋል። ስለዚህ አምና የተዘነጋ ወረዳ ዘንድሮም እንዳይዘነጋ፣ ቁጥሩን አንብቦ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል።

ከአገራችን ምሁራን ዶክተር እሸቱ ጮሌን (1945–1998 እ.ኤ.አ.) እናስታውሳለን። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ጊዜ ኢኮኖሚክስ ያስተማሩ ሲሆን፣ በ1993 ከሥራ ከተሰናበቱት ከ40 በላይ መምህራን አንዱ ነበሩ። በ1994 ደግሞ በኢትዮጵያ የገቢና የወጪ ሥልጣን ለክልሎች ስለ መከፋፈሉ የሚያትት መጽሐፍ በእርሳቸው አርታኢነት ታተመ። ማዕከሉና ክልሎች ገንዘቡን እንዴት ይካፈሉ? የመጽሐፉ ጥያቄ ይህ ነበር።

ይኸው ጥያቄ በምንኖርበት አገርም አለ። የ2010 የኬንያ ሕገ መንግሥት ከብሔራዊ ገቢ ቢያንስ 15 በመቶው ለ47ቱ ካውንቲዎች እንዲደርስ፣ ሕዝቡም በመንግሥት ገንዘብ ጉዳይ እንዲሳተፍ ይደነግጋል። በጁን 2024 በዳቦ ላይ ሊጣል ታስቦ የነበረው ግብር የየቤታችን ወሬ ሆኖ እንደነበር ሁላችንም እናስታውሳለን። ግብሩ ቢቀርም ወጣቶች የፋይናንስ ረቂቅ ሕጉን በመቃወም አደባባይ ወጡ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ፕሬዚዳንቱም ረቂቁን ሳይፈርሙ ቀሩ። የበጀት ነገር ለምሁራን ብቻ የሚተው አለመሆኑን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም።

ውድ ልጆቻችን፣ መንገዱ ረጅም ነው፤ ገቢውም ከነጋዴ ትርፍ አይወዳደርም። ሆኖም እኛ የዕድር ገንዘብ ያዥን «ደረሰኙስ?» ብለን መጠየቅ የለመድን ሕዝብ ነን። ሙያው ይህንኑ ጥያቄ በአገር ደረጃ በዕውቀት መጠየቅ ነው።

ስለዚህ ወላጆች ይህን ትምህርት የሚመርጥ ልጃቸውን እንዲያበረታቱ አደራ እንላለን። የማኅበራችንንም ዓመታዊ ሒሳብ ከእንግዲህ ወጣቶቻችን እየመረመሩ ለጠቅላላ ጉባኤው እንዲያቀርቡ ሐሳብ እናቀርባለን።

እግዚአብሔር ማኅበራችንን ይባርክ።