ምን አለሽ?

(በጠሪቅ ኤል ጅዲዴ በእሑድ ስብሰባችን ላይ የተነገረ)

እህቶቼ፣ ፈቃድ አግኝታችሁ የመጣችሁ እንኳን ደህና መጣችሁ። ፈቃድ ተከልክላችሁ ይህን ከወረቀት ላይ የምታነቡም ሰላም ለናንተ ይሁን።

ዛሬ የማወራችሁ ከተጣለ ብረትና ከተጣለ ዕቃ ስለሚሠራ የእጅ ሥራ ነው። «ስድስት ቀን ቆሻሻ ስንደፋ ከርመን እሑድም ስለ ቆሻሻ?» እንዳትሉኝ። ነገሩ እኛን ይነካል፤ እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

ሱቅ ኤል አሐድን የማታውቅ መቼም ጥቂት ናት። ለማታውቁ፣ ሲን ኤል ፊል ጋ፣ በቤይሩት ወንዝ ዳር፣ ድልድዩ ሥር ቅዳሜና እሑድ የሚቆም ገበያ ነው። ከዚህ ወደ ኮላ ወርዳችሁ ሰርቪስ ትይዛላችሁ። ሾፌሩ «ሰርቪሴይን» ካለ የሁለት ሰው ሒሳብ ነው የጠየቀው፤ ተዉት፣ ሌላ ይመጣል። ብዙዎቻችን እዚያ የምንሄደው ልባሽ ጨርቅና ጫማ ፍለጋ ነው። ከጫማው ተራ አለፍ ብሎ ግን አሮጌ ዕቃ የሚዘረጋበት አለ። እዚያ ነው የአንድ ሽማግሌ ጠረጴዛ ያቆመኝ።

ጠረጴዛው ላይ ከማንኪያና ከሹካ የተሠራ ወፍ አለ። ከብሎንና ከብስክሌት ሰንሰለት የተበየደ ፈረስ አለ። ከሁሉ ዓይኔን የያዘው ግን ፋኖስ ነው። የወተት ጣሳ ነው እኮ! እኛ በየሳምንቱ የምንጥለው። ዙሪያውን በምስማር ተበስቶ፣ ውስጡ ሻማ ሲበራ ብርሃኑ በየቀዳዳው እየወጣ አበባ ይሠራል።

አንዲት ሴትዮ ዋጋ ጠየቀች። «ስምንት ዶላር» አሏት። «ለታንኬ ስምንት ዶላር?» ብላ ጮኸች። ታንኬ ማለት ቆርቆሮ ነው። ሽማግሌው አልተቆጡም። ከጠረጴዛው ሥር ያልተሠራ ባዶ ጣሳ አወጡና «ታንኬ ከሆነ የፈለግሽው ይኸው፣ በነጻ ውሰጂ» አሏት። ሴትዮዋ ሳቀች፤ ከዚያ ፋኖሱን በሰባት ገዛች።

እኔም ቆሜ «አሞ፣ እንዴት ነው የሚሠራው?» አልኳቸው። «ያ ቢንቲ» ብለው አስረዱኝ። ለናንተም ልንገራችሁ። ጣሳውን አጥባችሁ ውሃ ትሞሉታላችሁ፤ እስከ አፉ ግን አይደለም፣ ውሃ በረዶ ሲሆን ስለሚያብጥ ቂጡን ይገፋዋል። ፍሪዘር ውስጥ ታሳድሩታላችሁ። በረዶው ጣሳውን ከውስጥ ስለሚይዘው ስትመቱት አይጨራመትም። ወረቀት ላይ አበባ ወይም መስቀል ስላችሁ ትለጥፉበታላችሁ። ፎጣ ላይ አስተኝታችሁ ሥዕሉን እየተከተላችሁ በምስማርና በመዶሻ ትበሳላችሁ። በረዶው ሲቀልጥ ቶሎ አድርቁት፣ ይዝጋልና። አፉ ስለታም ከሆነ እጃችሁን እንዳይቆርጥ በፒንሳ እጠፉት። በቃ፣ ይኸው ነው። ማዳም ፍሪዘሯን ከፍታ «ይሄ ምንድነው?» ካለቻችሁ መልሱን እናንተ ታውቃላችሁ!

ታዲያ ይሄ ለኛ አዲስ ነው እንዴ? ኩራዝ ከምን ነበር የሚሠራው? ከጣሳ አይደለም? በረባሶ ከመኪና ጎማ አይደለም? መርካቶ ምናለሽ ተራን አስቡት። ገና ሳትደርሱ የመዶሻው ድምፅ ይሰማችኋል። በርሜሉ ተቀዶ ምድጃ ይሆናል፣ የሕንፃ ፌሮ ተቃንቶ እንደገና ይሸጣል። እንጦጦ አካባቢ ያሉ ሴቶች ደግሞ የተተኮሰ ጥይት ቀለህ ቀልጦ ሲሰጣቸው በክር ሰክተው የአንገት ጌጥ ያደርጉታል። ሰው የገደለ ነገር ጌጥ ሆነ ማለት ነው። የድሮ አንጥረኞችም የማርትሬዛ ብር አቅልጠው የአንገት መስቀል ይሠሩ ነበር።

እዚህ ጠሪቅ ኤል ጅዲዴ ጠዋት ጠዋት በድምፅ ማጉያ «ሐዲድ፣ ነሐስ፣ አሉሚኒዮም፣ ባጣሪያት» እያለ የሚያልፈውን መኪና ሁላችንም እናውቀዋለን። ሐዲድ እኛ ለባቡር መንገድ ስንለው እነሱ ለብረት ይሉታል። ያ ሰውዬ የኛው ቁራሌው ነው!

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። በአገራችን ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ሲናቅ ነው የኖረው። በሠራው ማረሻ እያረሱ፣ በሠራችው ድስት እየበሉ «ቡዳ» ይሏቸዋል። ዳግማዊ አጤ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. በእጁ ሠርቶ የሚያድርን ሰው በሙያው መስደብ ይቅር ብለው አዋጅ አስነገሩ። ስድቡ ግን በአዋጅ ብቻ አልጠፋም። እኛንስ «ገረድ» የሚለን ማን ነው? ማዳም ብቻ ናት? አገር ቤትም የላክነውን እየበሉ የሚሉን አሉ።

የሽማግሌውን ነገር ያመጣሁት ለዚህ ነው። ጣሳው ዋጋ የለውም፣ ዋጋ ያለው የእጃቸው ሰዓት ነው። ሰዓታቸውን ስላወቁ በስድብ ዋጋ አልሸጡም። እኛስ ሰዓታችንን እናውቀዋለን? እንቁጠር። አንዲት እህት በወር 200 ዶላር ታገኛለች እንበል። በቀን 12 ሰዓት፣ በወር 26 ቀን ብትሠራ 312 ሰዓት ይሆናል። 200ን ለ312 አካፍሉት። በሰዓት 64 ሳንቲም ነው። እሑዷን ከተከለከለች ደግሞ ከዚያም ይወርዳል። እንደ ፈረንጆቹ በ2009 በወጣው ኮንትራት ላይ በሳምንት 24 ሰዓት ዕረፍት እንዳለን ተጽፏል። የፈረማችሁትን ወረቀት አስነብቡ።

በ2020ም ምን እንደሆነ አትረሱም። ሊራው ሲወድቅ ደመወዝ መክፈል ያቃታቸው ሰዎች እህቶቻችንን ከነሻንጣቸው ሐዝሚዬ ቆንስላችን በር ላይ እየጣሉ ሄዱ። በዚያው ዓመት ኦገስት 4 ወደቡ ፈነዳ። የዚያን ቀን መስታወት ከጠረጉት እጆች ብዙዎቹ የኛ ነበሩ። ከተጠረገው መስታወት የተወሰነው ወደ ትሪፖሊ ተወስዶ ቀልጦ እንደገና ዕቃ ሆኗል። ሐያት ናዘር የምትባል ሊባኖሳዊት ደግሞ ከስብርባሪው የሴት ሐውልት ሠራች። ከሐውልቱ ጋር 6፡08 ላይ የቆመ የተሰበረ ሰዓት አለ፤ በኛ አቆጣጠር 12 ሰዓት ከ8 ደቂቃ። ፎቶውን ሳይ መጥረጊያ ይዤ የቆምኩበት ሳሎን ነው ትዝ ያለኝ።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ። «ነገ ጠረጴዛ ዘርግተን እንሽጥ» አላልኩም። ኢቃማችን ከከፊላችን ጋር የታሰረ ነው፤ በራሳችን ስንሸጥ ብንገኝ ልንያዝ እንችላለን። ለጊዜው ለራሳችን እንሥራ። ለአዲስ ዓመት ይህን ክፍል በፋኖስ እናብራው። ለታመመችና ለወለደች እህት ስጦታ ይዘን እንሂድ። ሙያ ሻንጣ አይሞላም፣ ኪሎም አያስከፍልም፤ አገር ስትገቡ አብሯችሁ ይገባል።

ስለዚህ የሚመጣው እሑድ እያንዳንዳችሁ አንድ የሚጣል ነገር ይዛችሁ ኑ። ጣሳ ይሁን፣ ጠርሙስ፣ የጠመመ ማንኪያ፣ ፌስታል። ሰፌድና መሶብ መስፋት የምትችሉ፣ አክርማ ባይኖርም ፌስታሉን በቀጭኑ ቀዳችሁ ስፉበት፤ ላልቻልነውም አስተምሩን። መዶሻውንና ምስማሩን እኔ አመጣለሁ።

ምናለሽ ተራ ስሙን ያገኘው ነጋዴው የመጣችውን ሴት «ምን አለሽ?» ብሎ ስለሚጠይቅ ነው ይባላል። የሚመጣው እሑድ በሩ ላይ ቆሜ እኔም እንደዚያው ነው የምጠይቃችሁ። «ምንም የለኝም» የሚል መልስ አልቀበልም።

እግዚአብሔር ለአገራችን ያብቃን።