«ፎርማት» ከማለታችን በፊት
(ሐዴራ ላይ ለወላጆች የተደረገ ንግግር)



ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ስለዚህ ልጆቻችን «ወደ 11 እናሳድገው» ይሉናል። ልክ ናቸው። ነገር ግን በዚያ አሮጌ ኮምፒዩተር ውስጥ ምን እንዳለ አስቀድመን እንጠይቅ። በብዙ ቤት የሱዳን መንገድ ታሪክ፣ እ.ኤ.አ. በ1991 ዓ.ም. በሰሎሞን ዘመቻ የመጡ ዘመዶች ፎቶግራፍ፣ እስከ ሰባት ቤት የተቆጠረ ዘር አለበት።

እኛ ተቀጥተንበታል። ጠጋኙ በዕብራይስጥ «ፎርማት ላድርግ?» ብሎ ጠየቀን፣ እኛም «ኬን» አልን። ፎቶግራፉ ሁሉ ጠፋ። ዘር ቆጠራው በሌላ ዲስክ ላይ ስለነበር ተረፈ፤ ስንከፍተው ግን ፊደሉ የላቲን ምልክት ሆኖ ቆየን። እናታችን አይተው «ይኼ ደግሞ የማን ቋንቋ ነው?» አሉ።

ምክንያቱ ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የአማርኛ መጻፊያዎች የእኛን ፊደል በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። ፊደላችን በዩኒኮድ የራሱን ቁጥር ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ዓ.ም. ነው። በአሮጌው መጻፊያ የተጻፈ ጽሑፍ የራሱ ፎንት ከሌለ አይነበብም። ፋይሉን መገልበጥ ብቻ አይበቃም ማለት ነው።

እንግዲህ ኮምፒዩተሩ ሳይነካ፣ አሮጌውን የአማርኛ ጽሑፍ አንድ በአንድ ከፍታችሁ ፒዲኤፍ አድርጉት፤ የፊደሉን መልክ ይዞ ይቀራል። ፎንቱንም ገልብጡ። ከዚያ «ዶክዩመንትስ» ውስጥ ያለውን ብቻ ሳይሆን በዴስክቶፑና በዳውንሎድስ የተበተነውን ሁሉ ወደ ውጭ ዲስክ ወይም ዲስክ ኦን ኪ ገልብጡና በሌላ ኮምፒዩተር ከፍታችሁ እዩት። ያልተከፈተ ግልባጭ ግልባጭ አይባልም።

ማሳደግ ሌላ፣ ፎርማት ማድረግ ሌላ ነው። ማሳደጊያው ምን ይቆይ ብሎ ሲጠይቅ «የግል ፋይሎችና ፕሮግራሞች» የሚለውን ምረጡ፤ «ምንም» የሚለውን አትንኩ። ልጆች ቸኩለው ይጫኑታልና አጠገባቸው ተቀመጡ። ካልተስማማችሁ ወደ ቀድሞው ለመመለስ 10 ቀን አላችሁ። አንዳንድ አሮጌ ኮምፒዩተር 11ን አይቀበልም፤ እሱንም ቢሆን ዲስኩን ሳታወጡ አትጣሉት።

ፊደሉ የተበላሸባችሁ ካላችሁ ይዛችሁልን ኑ፤ ጽሑፉን እንደገና እንጽፈዋለን። ዘሩን በቃላቸው የሚያውቁ ሽማግሌ አብረው ይምጡ፤ የማይነበበውን ስም የሚነግሩን እርሳቸው ናቸው።