የማድ ቤቱ ባለቤት ማን ነው?

እህቶቼ፣ ሰቆጣ ውስጥ ብዙዎቻችን የምንኖረው ከወንድም እህት ጋር በአንድ ግቢ ነው። ተበድረን ጓሮው ላይ ማድ ቤት ሠርተን እንጀራ እንሸጣለን። መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ በጉልበታችን ወይም በገንዘባችን የሠራነው ግን የእኛ እንደሆነ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ይናገራል። ችግሩ ማስረጃው ላይ ነው። የእኔ መዝገብ ብድሩን እንጂ ማድ ቤቱን አያሳይም። ውርስ ሲከፈል ወይም ግቢው ሲሸጥ ግን ቆርቆሮውን ማን ገዛው መባሉ አይቀርም።

ስለዚህ የቆርቆሮና የሚስማር ደረሰኝ አትጣሉ። ከማዘጋጃ ቤት ፈቃድ ጠይቁ። ባለ ድርሻዎቹ ሁሉ በምስክር ፊት ይፈርሙ። መተላለፊያው በውሉ ይጻፍ፤ ጠብ ሲነሣ መጀመሪያ የሚቆለፈው የግቢው በር ነውና (ዕዳው ግን አይቆለፍም)። ተከራዮች ደግሞ ስትለቁ ቆርቆሮውን ነቅላችሁ እንድትወስዱ አስቀድማችሁ አጽፉ። የውሉን ናሙና ከእኔ ውሰዱ።