ከፍተኛ የፍሳሽ ማጣሪያና የታሆ ሐይቅ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)




አንድ የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ተግባሩን ፈጸመ የሚባለው መቼ ነው? የተለመደው መልስ፣ ከጣቢያው የሚወጣው ውኃ የተወሰነለትን ደረጃ ሲያሟላ ነው የሚል ነው። የታሆ ሐይቅ ታሪክ ግን ይህ መልስ በቂ አለመሆኑን ያስረዳል።

ታሆ በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያና በኔቫዳ ግዛቶች ወሰን ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ተራራማ ስፍራ ይገኛል። ጥልቀቱ እስከ 501 ሜትር ይደርሳል። የተፋሰሱ ዐለት በአብዛኛው ግራናይት በመሆኑ ከጥንት ጀምሮ ወደ ሐይቁ የሚገባው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ እጅግ አነስተኛ ነበር፤ የውኃው ጥራትም የመነጨው ከዚሁ ነው። ይሁንና የሐይቁ ውኃ በሙሉ ወጥቶ በሌላ እስኪተካ በአማካይ ከ600 ዓመት በላይ ይፈጃል። ስለሆነም ለሌላ ሐይቅ ከቁጥር የማይገባ ንጥረ ነገር በታሆ ሲጠራቀም አልጌን ያፋፋል።

በ1960 እ.ኤ.አ. የክረምት ኦሊምፒክ በአቅራቢያው ከተካሄደ ወዲህ በሐይቁ ዙሪያ ሆቴልና መኖሪያ ቤት በዛ፤ ፍሳሹም እንዲሁ። በባክቴሪያ የሚሠራው የተለመደው ሁለተኛ ደረጃ ማጣሪያ የሚበሰብሰውን ቆሻሻ ቢያስወግድም፣ ናይትሮጅኑንና ፎስፈረሱን በአብዛኛው በውኃው ውስጥ ይተዋል። በዚህ ምክንያት በደቡብ ታሆ በ1965 እ.ኤ.አ. ተጨማሪ ማጣሪያ ሥራ ጀመረ፤ በ1968 እ.ኤ.አ. ሲስፋፋም በቀን 28 ሺህ ሜትር ኩብ ያህል የማጣራት ዐቅም ነበረው።

አሠራሩ የሚከተለው ነበር። በመጀመሪያ ኖራ ተጨምሮ ፎስፈረሱ ከዝቃጩ ጋር ይወርዳል። ኖራው የውኃውን አልካላይነት ከፍ ስለሚያደርግ አሞኒያው ወደ ጋዝነት ይለወጣል፤ ውኃው በማማ ውስጥ ሲንጠባጠብ በማራገቢያ የሚነዳው አየር ጋዙን ይወስደዋል። ቀጥሎ ውኃው በልዩ ልዩ የማጣሪያ ንብርብሮች፣ ከዚያም በአክቲቬትድ ካርቦን ውስጥ ያልፋል፤ በመጨረሻም ክሎሪን ይጨመርበታል። ያገለገለው ኖራና ካርቦን በምድጃ እየታደሰ እንደገና ይሠራበት ነበር።

ውኃው ይህን ያህል ከጠራ፣ ወደ ሐይቁ ያልተመለሰው ስለ ምንድን ነው? ማማው በብርድ ወራት ይዳከማል፤ በረዶ ይይዘዋል፤ የኖራ ቅርፊትም ይጋገርበታል። ስለዚህ ናይትሮጅንን ዓመቱን ሙሉ በአስተማማኝ ሁኔታ ማስወገድ አልተቻለም። ለዐይን የጠራ ውኃ ለታሆ የጠራ አልነበረም። ከዚህም የተነሣ ውኃው በፓምፕ እየተገፋ 2,360 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው የሉተር መተላለፊያ በኩል ተራራውን ተሻግሮ፣ ከተፋሰሱ ውጭ ወደሚገኘው የኢንዲያን ክሪክ ግድብ ተላከ። በ1969 እ.ኤ.አ. የወጣው የካሊፎርኒያ ሕግም ፍሳሽ ከታሆ ተፋሰስ እንዲወጣ ደነገገ።

ሆኖም ነገሩ በዚህ አላበቃም። ቻርልስ ጎልድማን የተባሉት የሐይቅ ሳይንስ ሊቅና ባልደረቦቻቸው ነጭ ሰሌዳ ወደ ውኃው እያወረዱ ከዐይን የሚሰወርበትን ጥልቀት ሲለኩ ኖረዋል። በ1968 እ.ኤ.አ. የዓመቱ አማካይ 31 ሜትር ነበር፤ በቅርብ ዓመታት ግን 20 ሜትር አካባቢ ሆኗል። ፍሳሹ ከወጣ በኋላ ውኃውን ያደፈረሰው ምንድን ነው? በኋላ የተደረገው ጥናት እንዳመለከተው፣ ዋናው ምክንያት በዝናብና በበረዶ ቅላጭ ከመንገድና ከከተማ የሚታጠብ የላመ ደለል ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. የጸደቀው ዕቅድም በዚሁ ደለል ላይ ያተኮረ ነው።

እንግዲህ የደቡብ ታሆ ጣቢያ ከንቱ ነበርን? አልነበረም። ፍሳሹ በዚያው ቢቀር የሐይቁ ጉዳት ይብስ ነበር። ነገር ግን ጣቢያው የዘጋው አንዱን በር ብቻ ነው። ይህ ቁም ነገር በምድራችን ላይም ይሠራል፤ የሐዋሳ ሐይቅ በገጸ ምድር የሚፈስ መውጫ የለውምና። መውጫ በሌለው ሐይቅ ዳር ፋብሪካም ሆነ ከተማ ሲታቀድ፣ መሐንዲሱ ከማጣሪያው ንድፍ አስቀድሞ የሐይቁን የገቢ ሒሳብ በሙሉ ሊይዝ ይገባል፦ ከፍሳሹ ምን ያህል፣ ከእርሻው ምን ያህል፣ ከተራቆተው ኮረብታና ከጎርፍ መውረጃው ምን ያህል እንደሚገባ። የመጨረሻው የሥራ መመዘኛ ከቧንቧው አፍ የተቀዳው ናሙና ሳይሆን ሐይቁ ራሱ ነው።