ኮርማ ሲወልድ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በክርስቶስ የተወደዳችሁ የደጀን ምእመናን፤

በምዕራብ አፍሪካ የሚነገር አንድ ተረት አለ። ግፈኛ ንጉሥ በአንድ ብልህ ልጅ ቀንቶ ኮርማ ሰጠውና፥ «አስወልደህ ጥጃውን ካላመጣህ ትሞታለህ» ሲል አዘዘው። ልጁ አልተከራከረም። በሌሊት ከቤተ መንግሥቱ ደጅ ሄዶ እንጨት ይፈልጥ ጀመር። ንጉሡም ነቅቶ፥ «በዚህ ሌሊት ስለ ምን ትፈልጣለህ?» ቢለው፥ «አባቴ ወልዶ አራስ ስለ ሆነ እሳት እንዲሞቅ ነው» አለ። ንጉሡ ተቆጥቶ፥ «ወንድ ሲወልድ የት ታይቷል?» ብሎ ጠየቀ። ልጁም፥ «ንጉሥ ሆይ፤ ኮርማ ከወለደ ወንድስ ስለ ምን አይወልድም?» ሲል መለሰ። ንጉሡ በገዛ አፉ ተረታ።

ይህ ጥበብ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በዲማ ጊዮርጊስና በዋሸራ የተማሩ የቅኔ ሊቃውንት በሰሙ ውስጥ ወርቁን አኑረው ለሚያስተውል ያቀርባሉ። ነቢዩ ናታንም ዳዊትን የገሠጸው በአንድ ድኻ በግ ምሳሌ ነው። ዳዊት በባለጠጋው ላይ ከፈረደ በኋላ በደለኛው ራሱ መሆኑን ተረዳ። ንጉሡ ግን አፉ ተዘጋ እንጂ ልቡ እንደ ተመለሰ ተረቱ አይነግረንም፤ ዳዊት በደሉን አምኖ አለቀሰ። መረታት ብቻውን አያድንም፤ የሚያድነው ንስሐ ነው።

የድኻ ቃል በጊዜው ካልተሰማ የሚመጣውን ጎጃም ያውቃል። በ1960 ዓ.ም. ገበሬው ስለ እርሻ ገቢ ግብር አቤት አለ፤ አቤቱታው ቶሎ ስላልተሰማ ደም ፈሰሰ። መንግሥት ውዝፉን ግብር የማረው ከዚያ በኋላ ነበር።

ነገር ግን ግፈኛ ሲባል ንጉሥን ብቻ አናስብ። ከዓባይ በረሃ ዳገቱን ወጥቶ እህሉን ለገበያ ያቀረበ ድኻ ሸክሙን ይዞ መመለስ እንደማይችል አውቀን ዋጋውን ብንሰብርበት፥ ስንገዛ በትልቅ፥ ስንሸጥ በትንሽ ቁና ብንሰፍር፥ የሠራተኛችንን ደመወዝ ብናቆይ፥ እኛም ከኮርማ ጥጃ የምንሻ ነን። ድኻው ብልሃት አጥቶ ዝም ቢል እግዚአብሔር ዝም አይልም።

ደጀን ማለት ከኋላ ሆኖ የሚረዳ ማለት ነው። እንግዲህ ስማችንን በሥራ እንፈጽም፤ ለደካማው ደጀን እንሁነው። ምሳሌው ሳይነገርብን ቁናችንን እናስተካክል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።